ዙሪያው እኩል የሆነ መሬት

አባታችን ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ያለውን የሰሊጥ ማሳ ለሁለት ልጆች ጥለው ሞቱ። አንደኛው ታላቄ ደረበ ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ውሃ ቅዳ፣ ከብት ፈልግ፣ ዝም በል ሲባል የኖርሁት። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁትም እሱ ይማር ተብሎ ነው። ተማረና ምን ሆነ? ሰሊጥ አራሽ። ይኸንንማ እኔም አላጣሁት።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደረበን ሳላስፈቅድ የማዝበት፣ ከሱ በስንዝር የማያንስ ድርሻ።

የግብርና ባለሙያዋ የዓለምወርቅ በስልኳ ልትለካልን መጣች። ግን ደረበ ቤት ምሳ ስትበላ አይቻታለሁ። የጠገበ ልኬት አላምንም። የራሴን መቶ ሜትር ገመድ ይዤ ሄድሁ።

"ምኑን እንለካ?" አሉ ሽማግሌው አያ አንዱአምላክ።

"ዙሪያውን ነዋ! ዙሪያው እኩል ከሆነ ማን ማንን ያታልላል?"

"ዙሪያ እኮ..." አለች የዓለምወርቅ።

"አንቺ ምሳሽን በልተሻል፤ ዝም በይ።"

አንደኛው ድርሻ ሜዳው ላይ ያለው አራት ማዕዘን ነው፤ በየጎኑ ሦስት ገመድ፣ ድምሩ አሥራ ሁለት። ሌላው በድንጋያማው ጋራና ክረምት ጎርፍ በሚሞላው ኾር መካከል እንደ ቋንጣ የተዘረጋ ነው። ወርዱ አርባ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁመቱ ግን ዓይን ያታክታል። እሱንም አሥራ ሁለት ገመድ እስኪሞላ ለካንና ችካል ተከልን። ቁመቱን ሳይ ልቤ ሞላ።

"ረጅሙን እኔ እወስዳለሁ!" አልሁ፣ ደረበ ሳይቀድመኝ።

ደረበ ሳቀ። ሳቁ የዚያን ቀን አልገባኝም።

የእርሻው ጊዜ ደረሰ። ትራክተረኛው አብዱረሕማን የደረበን ማሳ ሲያርስ ሰንብቶ ወደ እኔ መጣ። ጥላ ፈልጌ ሳልቀመጥ ሞተሩን አጠፋ።

"ዘለልህ!" አልሁት።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምኑን ልዝለል? አለቀ እኮ!"

"ዙሪያው አሥራ ሁለት ገመድ ነው!"

"እኔ የማርሰው ዙሪያውን ነው እንዴ? ውስጡን እኮ ነው!"

ወደ አያ አንዱአምላክ ሮጥሁ። እሳቸው ደግሞ የዓለምወርቅን አስጠሩ። አንድ ቀን የማያስፈልግ ሰው ሌላ ቀን ዳኛ ይሆናል።

"ስፋት የሚገኘው ቁመቱን በወርዱ በማባዛት ነው፣ ጋሼ" አለችኝ። "የወንድምዎ ዘጠኝ ሄክታር ነው። የእርስዎ ሁለት ከምናምን፤ ሩቡን አይሞላም።"

"ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?"

"ምሳሽን በልተሻል አሉኝ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደረበም ሲስቅ ቆየና ድንገት ደግ ሆነ። "አብረን እንረስና ምርቱን እኩል እንካፈል" አለ። ይኸ ደግነት አይደለም። ነገ ገበያ ላይ "ወንድሜን እኔ ነኝ የማበላው" ሊል ነው።

"ከደጋ ለአረም ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጋር እኔንም ልትቆጥረኝ ነው? መሬቴን በመሬት!" አልሁ።

"ጅብ እንኳ በልቶ ዝም ይላል" አሉ አያ አንዱአምላክ። "በል፣ በዚያው ወርድ እንቀጥልልሃለን። ኾሩን ተከትሎ አባታችሁ ያልመነጠሩት ዱር አለ፤ ስፋቱ ከደረበ እስኪተካከል ይሂድ።"

የዓለምወርቅ ስልኳን ነካካች። "ቁመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልፋል" አለች።

"ይለፍ!" አልሁ።

አለፈ። ዛሬ እኔና ደረበ በስፋት እኩል ነን፤ ዘጠኝ ለዘጠኝ። ከእኔው ከአራት እጅ ሦስቱ ግራር ነው። ቢሆንም የኔ ግራር ነው፤ ማንም አንድ ቅርንጫፍ አይነካም።

ያስቸገረኝ ትራክተሩ ነው። ባንድ ወገን ጋራው፣ በሌላው ኾሩ፣ ከማዶ ግራሩ። መግቢያ ያለው በደረበ ማሳ በኩል ብቻ ነው። ዳሩን ሳያስቀር ለማረስም አብዱረሕማን እዚያው ደረበ ማሳ ላይ ወጥቶ ካልዞረ አይሆንለትም።

"ጠይቅልኝ እንጂ፣ ያ ዞል! ነዳጁ እየነደደ ነው" ይለኛል።

ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። "ጋሼ፣ ትራክተሩ ይለፍ?"

ደረበ ከዳሱ ሥር እንደተጋደመ እጁን ያነሳል፤ እለፍ ማለቱ ነው። ቀና እንኳ አይልም።