የውድነሽ መልስ

ፀሐይ ጠልቃ ቤቱ ጨለም ሲል፣ አቶ ደምሰው ከእህቱ ከውድነሽ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ በንዴት ይብሰከሰክ ነበር። ውድነሽ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ አትንቀሳቀስም፣ አትናገርም፤ አእምሮዋ ግን ምንም አልሆነም። ሐኪሙም «ወደ ላይ ስታይ አዎ፣ ዓይኗን ስትጨፍን አይሆንም ማለቷ ነው፤ ታገሡና ጠይቋት» ብሎ ነበር። ማን ይታገሣል? ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ ገና ከበር «እንዴት ናት?» የሚለው ደምሰውን ነው፤ ደምሰውም «ተመስገን፣ ደህና ናት» ይላል። ነገ ጠዋት ደግሞ አጎታቸው ጋሽ ዘርጋው፣ አየሩ ይስማማታል ብለው፣ ገጠር ወዳለው ቤታቸው ሊወስዷት ቆርጠዋል። ነገሩ ደምሰውን አንገብግቦታል፤ አፉን ሞልቶ እምቢ ማለት ግን አቅቶታል። እንዲህ ሲብሰለሰል በተቀመጠበት እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም ደጃፉ ሁሉ ደፍና ደረጃ በሌለው አንድ ሰፊ መንደር መካከል ራሱን ቆሞ አገኘው። ሽበታም ሴት በራሱ በሚሄድ ወንበር ተቀምጣ መጣች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ በድን ሆነው ተጋድመዋል፣ ቀጫጭን ሽቦ የተሸመነበት ቆብ ደፍታለች፣ ድምጿም የሚወጣው ከወንበሩ ነው።

«ተከተለኝ» አለችው።

በአንዱ ቤት እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ሸማኔ እንደ እሷ ያለ ቆብ ደፍቶ፣ ጋደም ብሎ በሐሳቡ ብቻ መስኮቱን ይከፍታል፤ በሌላው አንዲት እናት ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ በስክሪን በሚወጣ ጽሑፍ ልጇን ስለ ቤት ሥራው ትቆጣዋለች፤ የእድሩም ስብሰባ በየቤቱ የተኙት ሐሳባቸውን ሳይሰጡ አይበተንም። ደምሰው ይህን ሁሉ ሲያይ ቅናት አንጨረጨረው።

«እትዬ፣ እኛ ምን በድለን ነው ይህ ቆብ የቀረብን?»

«እኛም እንደናንተው ነበርን» አለችው። «የመጀመሪያዎቹ ቆቦች ሲመጡ ቤተሰቡ አመስግኖ ተቀበለና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።»

«ለምን?»

«እንዳይበላሹ ነዋ። ደግሞስ ስለ በሽተኛው የሚመልስ አስታማሚ እያለ ቆብ ምን ያደርጋል? እኔ ራሴ ቆቤን በቁም ሳጥኑ መስታወት አሻግሬ እያየሁ ስንት ክረምት ተኛሁ። በኋላ ነው ሕግ ያወጣነው፤ ጠያቂ የሚጠይቀው የተኛውን ነው፣ መልሱ እስኪመጣም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ይህን እያለች ወደ መጨረሻው ቤት አስገባችው። እነሆ፣ ውድነሽ ቆብ ደፍታ ትራስ ተደግፋለች። ሴትዮዋ «እንዴት ነሽ፣ ውድነሽ?» ስትላት፣ ደምሰው እንደ ልማዱ «ተመስገን፣ ደህና ናት» አለ። ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦ «አንተን ማን ጠየቀህ?»

በድንጋጤ ነቃ። ነግቷል፣ ደጅ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገብተው «እንዴት አደረች?» አሉት።

«እሷን ይጠይቋት፣ ጋሼ።»

«ምን ትለኛለች ብለህ ነው? ሞተሩ እኮ አልጠፋም።»

«ቆቡ የለን፣ ዓይኗ ግን አለ። ወደ ላይ ካየች አዎ ነው፣ ከጨፈነች አይሆንም። ሌሊት ያየሁትን ኋላ እነግርዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ይህን በር ለሚያንኳኳ ሁሉ እነግራለሁ። አሁን እሷን ይጠይቁና ይጠብቁ።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። «ውድነሽ፣ ልጄ... ከእኔ ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ጭፍን አደረገች፤ ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ሾፌሩን ሞተሩን አጥፋው እስኪሉት ድረስም አልገለጠችም።