ማሽኑ ያወጣው ስም

የፎቶ ቤቱን ባለቤት ለጠየቀ ሰው ነገሩ አጭር ነው፦ የወንድሟ ልጅ «አሻሽልልሻለሁ» ብሎ ደህናውን ኮምፒውተር ሲነካካ ፎቶዎቿን ሁሉ አስበላቸው። የወንድሟን ልጅ ለጠየቀ ደግሞ ከፎቶዎቹ አንዱም አልተነካም፤ እሱ ያደረገው ፎቶዎቹን የሚያደራጀው ፕሮግራም የተጻፈበትን ቋንቋ ወደ አዲሱ ቅጂ ማሳደግ ብቻ ነው፣ የተበላሸውም የፋይሎቹ ስም አነባበብ ብቻ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። የደንበኛ ስም ሲጻፍ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት ደግሞ ከየትንንሹ ምስል ሥር ስም በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል።

«ይኸው! ማሽኑ ራሱ ግራ ገብቶት ይጠይቃል» አለች አክስቱ።

«ተረጋጊ እንጂ አክስቴ። የድሮው ቅጂ ስሙን ሳያነብ ነበር የሚያቀብለው። አዲሱ ካላነበብኩ አላሳልፍም ይላል። የእኛን ፊደል እንዲያነብ ደግሞ የነገረው የለም።»

«ታዲያ ንገረዋ!»

«የት ጋ እንደሚነገረው እየፈለግኩ ነው።»

«ቶሎ ፈልግ! ከሰዓት የሙሽራዋ እናት ለአልበም የሚሆነውን ሊመርጡ ይመጣሉ። ሁለተኛ ልጃቸውንም ሊድሩ ነው። ያ ሠርግ መንገዱን ተሻግሮ እዚያ ማዶ ፎቶ ቤት ከገባ፣ አንተም ተከትለኸው ተሻገር!»

ልጁ «ምንም እንዳትነኪ» ብሏት ጓዳ ገባና በሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ጀመረ። እሷ ግን መቼ አስችሏት! የሠርጉን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየች፣ «ስም ቀይር» የሚለውን እየተጫነች፣ ፊታቸውን አይታ የመሰላትን ጻፈችላቸው። የጻፈችው ሁሉ ግን ወዲያው መልሶ የጥያቄ ምልክት ሆነ። እንዳልተመዘገበላት ቆጥራ፣ በንዴት የባሰውን ጨመረችበት፤ በመጨረሻም ሰልችቷት ተወችው።

ልጁ ጓዳ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ደረሰ። ያቺን መስመር ሲያስተካክል ስሞቹ ሁሉ እንደ ድሮው ተነበቡ። እየሮጠ ወጣ። የሙሽራዋ እናት መጥተው ትልቁ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል።

«ተገኘ!» አለ፤ ያቺኑ መስመር አስገብቶም የሠርጉን ፎቶዎች በኩራት ከፈተላቸው።

«አንገት አልባው አጎት»። «ለፎቶ ሆዱን የሳበ»። «ኩርፊያ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ»።

ልጁ ክው አለ። እንዲህ ያለ ምላስ ያለው ማሽን ገና አልተሠራም። ዞር ብሎ አክስቱን አያት፤ አክስቱ ጣሪያውን ታያለች።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄ ሆዱን የሳበው የሙሽራው አባት አይደለም እንዴ?» አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እናትየዋስ? ‹ከኬኩ ጋር የተጣላች›! ወይ ጉድ፣ ቁርጥ እሷን!»

ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ላይ ሳቃቸው ተቋረጠ። ጣታቸውን ወደ ካሜራው ቀስረው የቆሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከሥሩ «አዛዧ ሴትዮ፣ እዚህም አዘዘች» ይላል።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አሉ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው።

«ማሽኑ ነዋ» አለች አክስቱ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። «ይሄ ልጅ ቋንቋውን ቀየረበትና እንዳመጣለት ይዘባርቃል።»

ሴትዮዋ ወደ ልጁ ዞሩ። አይደለም ቢል ሠርጉ መንገድ ሊሻገር ነው፤ ነው ቢል ውሸት ነው።

«ቋንቋውን የቀየርኩትስ እኔ ነኝ» አለ። ከተባለው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

ሴትዮዋ አክስትየዋን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ፎቶውን አዩ። ከዚያም ፎቶው ላይ እንዳለው ሁሉ እዚህም ጣታቸው እንደተቀሰረ መሆኑን አዩና ቀስ አድርገው አወረዱት።

«የሁለተኛዋንም ሠርግ እናንተው ታነሡታላችሁ» አሉ። «አልበሙ ላይ የሙሽራውን ወገን ማሽኑ ባወጣላቸው ስም አትሙልኝ። የእኔን ግን ቆም ብሎ እንደገና ያስብበት።»