ለአንድ ሰዓት አሥራ አንድ ጨዋታ

ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ሳሎኔን ወረቀት አለበሰችው። ወንበሩ ላይ ወረቀት፣ ወለሉ ላይ ወረቀት፣ አልጋዬ ጫፍ ሳይቀር ቀይና ሰማያዊ ካርቶን ተዘርግቶበት በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ዋልኩ። ምንድነው ይሄ ሁሉ ብላት፣ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱት ልጆች ሰኞ ወደ ሦስተኛ ክፍል ወጥተው አዲሱን ክፍላቸውን የሚለምዱበት አንድ ሰዓት ስለተሰጠኝ እሱን እያዘጋጀሁ ነው አለችኝ። ለአንድ ሰዓት እንግዲህ። እኔን ስትድር እናቴ ይሄን ያህል አልለፋችም።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ውስጥ ረዳት ሆና የሰው ልጅ ንፍጥ ስትጠርግና የጠፋ ካልሲ ስትፈልግ ነው የኖረችው። አሁን የሦስተኛ ክፍሏ አስተማሪ ለቃ ቦታው ክፍት ነው። ዳይሬክተሩ ያቺን አንድ ሰዓት መጥቶ ያያል፤ ከወደደው ክፍሉን ለእሷ ይሰጣታል፣ ካልወደደው ከውጭ ሰው ይቀጥራል። ሌላ ቦታ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ አይታወቅም። በዚህ የተነሳ እሷ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ እኔም በእሷ የተነሳ ጨጓራዬን ታምሜያለሁ።

ዕቅዷን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። መጀመሪያ ኳስ እየተወራወሩ ስም መናገር፣ አምስት ደቂቃ። ቀጥሎ የዓመቱን ተስፋ በወረቀት ቅጠል ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ካለው የካርቶን ዛፍ መለጠፍ፣ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ የሚፈሩትን ነገር ጽፎ ሣጥን ውስጥ መክተት፣ አራት ደቂቃ። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ አንድ አደረሰችው። የስምንት ዓመት ልጅ ፍርሃቱን በአራት ደቂቃ ጽፎ ሣጥን የሚከት ከሆነማ እሱኑ ዳይሬክተር አድርጉት አልኳት። አልሳቀችም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ደብተር ይዤ ሳይሆን መወልወያ ይዤ ነው። ልጄ አሁን በምትሠራበት በዚያው ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርጌያለሁ። አስተማሪ ልጅን ከፊት ያየዋል፣ እኔ ከሄደ በኋላ የተወውን አያለሁ። በየዓመቱ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሦስተኛ ክፍል ወንበር ሥር ሽንት እወለውል ነበር። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሽንት ቤታቸው ከክፍላቸው በር አጠገብ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲወጡ የትልልቆቹ ሽንት ቤት ሩቅ ነው፣ መቀርቀሪያውም ጠንካራ ነው፤ ልጅ ተቆልፎብኝ እቀራለሁ ብሎ ይፈራል፣ መጠየቅ ያፍራል፣ ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ አያድርስ ነው። ስለዚህ ካርቶንሽን ተይና ልጆቹን ሽንት ቤት አሳዪአቸው አልኳት።

“እማ፣ ዳይሬክተሩ ሽንት ቤት ሊያይ አይመጣም” አለችኝ።

እሺ አልኩና ቅጠል ስቆርጥ አመሸሁ። አርባ ቅጠል። ጣቴ አበጠ።

ሰኞ ዕቃው ስለበዛ ሣጥኖቹን ተሸክሜላት ሄድኩ። አርባ ልጆች እንደ ሐዘንተኛ ድምፃቸውን አጥፍተው ደረጃውን ወጡ። ወንበሩ ከፍ ስላለባቸው እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ኳሱ ሲወረወር ሁሉም ስሙን ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አለና ለቀጣዩ አቀበለ። የተስፋውን ቅጠል የመጀመሪያው ልጅ ጎበዝ መሆን ብሎ ስለጻፈ ሠላሳ ዘጠኙም ጎበዝ መሆን ብለው ጻፉ። ኮላው አልይዝ ብሎ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ልጄ ትለቅማለች፣ ይረግፋል፣ ትለቅማለች። የፍርሃቱ ሣጥን ባዶውን ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያው ገብቶ ከኋላ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ይሄኔ ዕቅዱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ አወጣ።

የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ጓደኞቿ ወላቃዋ የሚሏት አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። ሽንቴ መጣ አለች፣ ለራሷም ሳይሰማት። ልጄ ሰዓቷን አየችና አራት ደቂቃ ብቻ ጠብቂ የኔ ቆንጆ አለቻት። ወላቃዋ እግሯን አጣመረች። ከጎኗ ያለውም አጣመረ። እኔ ደግሞ ይሄን ማጣመር ሠላሳ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተነሳሁና እነዚህ ልጆች መሄጃቸውን አያውቁም፣ እኔ አሳያቸዋለሁ አልኩ። የልጄ ፊት ጠመኔ መሰለ። ግን ግማሹ ክፍል እኔን ሰምቶ ቆሞ ነበር፤ ምን ታድርግ፣ ወረቀቷን አስቀምጣ ተሰለፉ አለቻቸው።

ከፊት ሆኜ መራሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ በኮሪደሩ ዞሬ፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን በር ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ፤ አገኘሁትም። ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። በስንጥቁ ባይ እስከ ጣሪያ የተከመረ የተሰበረ ወንበር ነው።

ዳይሬክተሩ ከኋላችን ደርሶ፣ “እማማ፣ ይሄ ዕቃ ቤት ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው” አለኝ፣ በትሕትና። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሽንት ቤት አዛውረናል ብሎ የሚጠራኝ የለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የልጄን እንጀራ በገዛ አፌ የዘጋሁ መሰለኝ፣ ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ።

ዳይሬክተሩ መንገዱን በጣቱ ሊያሳይ ሲል ልጄ እባክዎ አይንገሩን አለችው። ሦስቱን ዓመት ከትንንሾቹ ጋር ስለነበረች ወደዚያ የሚወስዳት ጉዳይ ኖሮ አያውቅም። ልጆቹ ፊት ቁጢጥ አለች።

“እኔም የት እንደሆነ አላውቅም። እማማም አታውቅም። እንፈልገው?”

አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። አንዱ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ እንከተል አለ። ሌላው አይ ዘበኛውን እንጠይቅ አለ። አንዷ እርጥብ የጫማ ዱካ አገኘሁ ብላ አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ከተተችን፤ ዳቦ የጎረሰ ሰውዬ ጉንጩን ነፍቶ አርባ ልጅ ተመለከተ። ያ ሐዘንተኛ ሁሉ አፉ ተከፈተ። በመጨረሻ ወላቃዋ የግድግዳውን ቧንቧ እየዳሰሰች ሮጣ ከውሃው ታንከር ኋላ አገኘችው፤ እሷ ሳትወጣም ሌላ ሰው አልገባም።

መቀርቀሪያው አዲስም ሆኖ ያው ጠንካራ ነው። ልጄ ሁሉንም ተራ በተራ አስገባቻቸው፤ ውስጥ ሆነው ይቀረቅራሉ፣ ጓደኛቸው ከውጭ አለሁ ይላቸዋል፣ ይከፍታሉ። ግማሹ ሳይደርሰው ደወል ተደወለ። አላቆመችም። ሲመለሱ መንገዱ ላይ ሣጥን ውስጥ ያልገባው ሁሉ ወጣ፦ ትልልቆቹ ኳሳችንን ይቀሙናል ወይ፣ ማባዛት ያልቻለ ይወርዳል ወይ፣ ቲቸር አንቺ ትጮኺያለሽ ወይ። አንዳንዴ እጮሃለሁ አለቻቸው። የሌሎቹንም መለሰች።

ልጆቹ ሲሄዱ ዳይሬክተሩ ዕቅዱን ዘርግቶ፣ ከአሥራ አንዱ ሦስቱን አየሁ፣ ይሄ የመጨረሻው ስንተኛው ነው አላት።

“ዕቅዱ ውስጥ የለም። ዕቅድ ከማውጣቴ በፊት ልጆቹን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም” አለችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ሰውየው ወረቀቱን አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ። ክፍሉን ውሰጂ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት የምታቀርቢልኝ ግን በቀን ከሁለት ጨዋታ አይብለጥ አላት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ እናትሽን ግን ከእንግዲህ ቤት ብታስቀሪያት አለ።

“እነግራታለሁ” አለችው። አጠገቧ ቆሜ እኮ ነው።