ቆሞ የሚበላው ሞተር

…ቆሞ ነው የበላው፣ ቆሞ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቀው፣ ሰኔን ሙሉ፣ ሐምሌን ሙሉ፣ ሩፊዳ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የክፍያ ቁጥር አራተኛ ጊዜ ታነበዋለች፣ ስምንት መቶ አርባ ዶላር፣ ብታነበው አይቀንስ፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል በሁለቱ ወር የቀረበ ጥያቄ ይላል፣ ዜሮ። ዜሮ። በክረምት ሰሊጥ የሚሸጥ ማን አለ፣ ሰሊጡ ገና ከጉልበት አልደረሰም፣ ገበሬው ማሳው ላይ ነው፣ ለአረም ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ዳስ ውስጥ ዝናብ ተጠልለዋል፣ መተማ ዮሐንስ ያደገ ሕፃን ይህን ያውቀዋል። የሰሊጥ ነጋዴው የሐሚድ ልጅ ግን ማሽኗን አብርታ ሁለት ወር ተቀምጣለች።

ወፍጮ ቤት መስሏት ነበር። ወፍጮ ቤት ላስፈጩት ኪሎ ይከፈላል፣ ያላስፈጨ አይከፍልም፣ የፈረንጆቹም ክላውድ፣ በኢንተርኔት የሚከራዩት ኮምፒውተር፣ እንደዚያ መስሏት፣ ሰው ፎቶ ሲልክ ይሠራል፣ ሳይልክ ይተኛል። ለካ ትራክተር ኖሯል። በሰዓት የተከራዩት ትራክተር፣ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ሞተሩን ያላጠፋው፣ አባባ እንዲህ ያለ ሾፌር ደለሎ ማሳ ዳር ሲያዩ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ይሮጡ ነበር፣ ስልሳ ዓመት አልፏቸው ይሮጡ ነበር፣ አጥፋው አንተ ሰው፣ አጥፋው፣ ቆሞ እየበላኝ ነው፣ እሷና ወንድሟ ሳጂድ ተጎታቹ ላይ ሆነው በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ሳጂድ ሩጫቸውን እያስመሰለ፣ እሷ ሆዷን ይዛ። ያን ያየች ልጅ ናት። ሳቁን ብቻ ይዛ ቀረች፣ ትምህርቱን አልያዘችውም።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሷ የአባባ ሱቅ ውስጥ ናት፣ ሚዛኑ እዚያው አለ፣ ከረጢት የሚወጉበት ውስጡ ክፍት ሹል ብረትም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም አላነሳውም። አባባ ያን ብረት ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ሰክተው፣ ጭብጥ ሰሊጥ መዳፋቸው ላይ አውርደው፣ እፍ ብለው፣ ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ሰብረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ቃሉ። ይቺ የኮኪት ናት፣ መስከረም መጨረሻ ዝናብ ነክቷታል፣ ሁለተኛ። ይቺ የሸኸዲ ናት፣ አንደኛ፣ ክፈለው። ከገላባት የሚሻገሩት ሱዳኖች ሳይቀሩ ሐሚድ ካለ ኸላስ፣ አለቀ፣ ብለው ከረጢቱን ይሰፉት ነበር፣ ገበያው የቀና ቀን አባባ ማታ ጠህኒያ ይዘው ይገባሉ፣ ያ ከሰሊጥ የሚሠራው የሱዳን ጣፋጭ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ኪሳቸውን ያረጠበ፣ እናቷ መስቱራ ይቆጣሉ፣ ይቺን ጀላቢያ ማን ሊያጥባት ነው፣ ደግሞ እየተቆጡ ይበላሉ። አሁን ጠህኒያም አይሻገር። ናፈቃት፣ ጠህኒያው አይደለም የናፈቃት፣ ያ ኪስ ነው።

የሠራችው ነገር በወጉ ሲያስቡት ክፉ አልነበረም። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር እያስተማረች፣ ቅዳሜና እሑድ እዚህ ተቀምጣ፣ አባባ ፍሬውን ሲመረምሩ መዳፋቸውን ፎቶ አንስታ፣ ቃላቸውን ቀድታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሺህ አንድ መቶ አርባ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራበት ትልቅ የውጭ ኩባንያ አለ፣ ለጀማሪ አንድ ዓመት በነፃ ይሰጣል፣ እዚያ ጫነችው፣ አስተማረችው፣ ገበሬው ጭብጡን ፎቶ አንስቶ ሲልክ ደረጃውን ይነግረዋል፣ ደላላ አያታልለውም። ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ደረበ ስብሰባ ላይ አስጨበጨበላት፣ የወረዳችን ተስፋ ናት ብሎ። ነፃው ግንቦት ላይ አለቀ፣ ማለቁን የሚናገር ኢሜይል መጥቶ ነበር፣ አልከፈተችውም፣ አባባ የሞቱት ግንቦት ነው፣ በግንቦት ምን ከፈተች።

የሚቆረጥበት የባንክ ካርድ ደግሞ የሳጂድ ነው። ጅዳ ሾፌር ነው፣ ለምዝገባ ብቻ ነው አይቆርጡም ብላው ቁጥሩን ሰጣት። ትናንት ደወለ፣ ሩፊ፣ ብር ወጣ የሚል መልእክት መጣልኝ፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሌባ ነው፣ እኔ ነኝ አለች፣ ከወዲያ መኪና ሲያልፍ ይሰማታል፣ ምን የምትገዢበት ብር ነው ሩፊ፣ ምንም፣ ምንም አልገዛሁም፣ መጠበቂያ ነው፣ ማሽኑ ሰው ሲጠብቅ የቆየበት። ለትኬት ያጠራቀምኩት ነበር አለ ሳጂድ። ቀብር አልደረሰም፣ መቃብራቸውን ሊያይ ነበር፣ ለመስከረም። ይሁን፣ ቀስ ብዬ እሞላዋለሁ፣ ዳግም እንዳይቆርጡ ግን ነገ ካርዱን አዘጋዋለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ ስወጣ። ከዚያ ድምፁ ወረደ፣ ድምፃቸውን ግን አታጥፊብኝ፣ ሩፊ፣ ሌላው ይቅር።

ካርድ የሌለው አካውንት አይቆምም፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ሕጉን አሁን ነው ያነበበችው። ድምፁ ደግሞ ሌላ የትም የለም። የቀዳችበት ስልክ በሙቀቱ አብጦ ተበላሽቷል፣ ላፕቶፑ ሲሞላባት ከዚህ አጥፍታዋለች፣ ክላውድ ላይ አለ አይደል፣ ምን ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እሷ ምኑን ትልቀም። ኔትወርኩ በጠብታ ነው የሚሰጠው፣ አንዱን ለማውረድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ እስከ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ሃያ አራት ይሆናል፣ ከሺህ አንድ መቶ አርባው ሃያ አራት። ምረጪ እንግዲህ። የአባትሽን ድምፅ ምረጪ።

ፎልደሮቹ አራት ናቸው። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛውን ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት፣ በዚያ ሰሞን ችኮላዋ፣ የማይረባ። ሃያ ሦስት ድምፅ አለበት። አባባ ደረጃ ያልሰጡባቸው ናቸው፣ ጭብጡን ይዘው ቆይተው አላወቅኋትም ያሉባቸው፣ ማሽን በአላወቅኋትም አይማርም፣ መልስ ነው የሚፈልገው፣ እሷም መልስ መልሱን ብቻ አበላችው። ለዚያ ነው ማሽኑ የማያውቀው ነገር የሌለው። አንድ ቀን ደረበ ለጨዋታ የበር አሸዋ በመዳፉ ይዞ ፎቶ ላከለት፣ ማሽኑ አንደኛ ደረጃ ናት አለው። ደረበ በሳቅ ወንበር ያዘ፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አለች አያቴ፣ እሷም አብራው ሳቀች፣ አስተካክለዋለሁ አለች፣ አላስተካከለችውም። እነሱን ሳቅ ነው ያበላሻቸው፣ እሷንና ሳጂድን።

ሌሎቹን ታውቃቸዋለች። የኮኪት ናት፣ ሁለተኛ፣ ክፈለው፣ ዓይኗን ጨፍና ልትላቸው ትችላለች፣ መተማ ገበያ ያለ ነጋዴ ሁሉ ሊላቸው ይችላል። የማይረባውን ግን አንዴም ደግማ አልሰማችውም።

መጀመሪያ ሞተሩ። የማሽኑን ማጥፊያ ትነካለች፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል፣ ሲበላ አልጠየቀ፣ ነኝ፣ ትጫነዋለች። ትራክተር እንኳ ሲጠፋ ይስላል፣ ይሄ ምንም አይል፣ ተስፋ ከተባለላት ሥራ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ጠፋች፣ በቃ፣ ሁለት ዓመቷ ነበር። አዘነች፣ ግን የፈራችውን ያህል አይደለም። ከዚያ የማይረባውን ትከፍታለች፣ የመጀመሪያውን ታዛለች፣ መስመሩ ይሞላል፣ ይቆማል፣ ዝናቡ ያይላል፣ ይቆማል፣ ያ ረብ ትላለች፣ ይሞላል።

ወረደ። ትከፍተዋለች።

ሰሊጥ ሲፈስ። እፍ። ጥርስ። ከዚያ ዝምታ፣ ረጅም፣ የአባባ ትንፋሽ አፍንጫቸው ላይ ሲያፏጭ፣ ይህን ፉጨት ረስታው ነበር፣ እንዴት ይረሳል። ይቺን አላወቅኋትም። የራሷ ድምፅ፣ ተጣዳፊ፣ የዚያን ጊዜዋ፣ አባባ ዝም ብለው ሁለተኛ በሏት፣ ፎቶው እንዳይባክን። እንዴት ብዬ ልጄ፣ ያላወቅኋትን፣ የሰው ዓመት እኮ ናት፣ ባለቤቱን ጥሩልኝ። እርምጃ። የወንበር መጎተት። ከዚያ አባባ ራቅ ብለው፣ ለእንግዳ የሚያወጡት ያ ለስላሳ ድምፅ፣ ወንድሜ፣ አረፍ በል እስቲ፣ ውሃ ስጡት፣ ይቺን ልጅ ከየት አመጣሃት፣ ምን ዓይነት መሬት አበቀላት። ሰውዬው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይቺማ ጋሼ ሐሚድ

ተቆረጠ። ማን ቆረጠው፣ እሷ፣ አይረባም ብላ፣ ጣቷ ነው። የቀረውን ማንም አያውቀውም፣ ማሽኑም፣ እሷም፣ አባባ ግን ተቀምጠው ሰምተውታል፣ ጊዜ ሰጥተው፣ ማንም ሳያስከፍላቸው።

ለሳጂድ ትልከዋለች፣ ሁለተኛውን ታዛለች፣ ሃያ ሁለት ቀርቷታል፣ ቀና ስትል እናቷ የጓዳው በር ላይ ናቸው፣ እጃቸው ላይ ሊጥ አለ፣ ምን ያህል እንደቆሙ እንጃ። እናቷ ባዶው ከረጢት ላይ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፣ አባባ ይቀመጡበት ከነበረው ጎን፣ ሊጡን እንዳያስነኩ እጃቸውን ከፍ አድርገው።

ድገሚው፣ ይላሉ።