«ጠይቁኝ» የሚለው ቲሸርት

አምስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት ስለጣፈጠኝ አይደለም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱና እኔ ተመካክረን በሰላም ተለያየን። ኮሌጅ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። አክስቴ የጽዳት ሠራተኞቹ አለቃ ናት፣ እኔ ደግሞ ባልዲ ተሸካሚዋ። አፌ ስለማያርፍ ሁሉም «ሬዲዮ» ይሉኛል። ማጥፊያዬ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ዘንድሮ ታላቅ እህቴ እዚሁ ተመደበች። ከቤታችን መጥረጊያ ሳይዝ ኮሌጅ የገባ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። አባታችን ሲሸኛት፣ «ማደሪያ ከሰጡሽ ተማሪ፤ ካልሰጡሽ በመጣሽበት አውቶቡስ ተመለሽ። ቤት የምከራይበት አቅም የለኝም» ብሏታል። እኔና አክስቴ የምንተኛባት ክፍል እንኳን ሦስተኛ ሰው የሦስተኛ ሰው ጫማም አትችልም።

አዲስ ተማሪዎች አቀባበል በሚደረግላቸው ቀን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስደረድር የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት እየሮጠ መጣ። ረዳቶቹ ቀርተውበታል።

«አንቺ፣ ግቢውን ታውቂዋለሽ?»

«ያልጠረግኩት ጥግ የለም።»

«በቃ ይህን ልበሺና መንገድ የጠፋቸውን አሳዪ።»

ቢጫ ቲሸርት ነው። ጀርባው ላይ በትልቁ «ጠይቁኝ» ይላል። ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በይ» ስባል ኖሬ፣ ጭራሽ ጠይቁኝ! አንገቴ ወዲያው ረዘመ። አክስቴ አየችኝና፣

«አንቺ ምላሳም፣ ቲሸርቱ የሰው ቢሆንም አፉ ያንቺው ነው። ያላወቅሽውን አላውቅም በይ» አለችኝ።

«አላውቅም የሚል ቲሸርት አልሰጡኝማ!»

ፕሬዚዳንቱ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ጅብ እንደሚያባርረው ሰው ይናገር ጀመር። ክሬዲት፣ ሬጅስትራር፣ ፕሮቤሽን... አዲሶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነቀነቅኩ። ለመነቅነቅ አምስተኛ ክፍል ይበቃል። በመጨረሻ፣ «የማደሪያ ቁልፋችሁን ከዲን ትወስዳላችሁ! እስከ ስድስት ሰዓት ያልወሰደ ቁልፉ ለተጠባባቂ ይሰጣል!» አለና ማይክሮፎኑን ዘጋ።

ወዲያው ተከበብኩ። ከሁሉም ፊት ሻንጣዋን ያቀፈችው እህቴ ናት።

«ዲን የት ነው?» አለችኝ።

እኔ የማውቀው ዲን አንድ ነው። ኬሚስትሪ ዕቃ ቤት ውስጥ በብልቃጥ የተቀመጠው ቢጫ ዱቄት። ባልዲዬን ባስጠጋሁ ቁጥር የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ዲን ነው፣ እንዳትነኪ!» ይለኛል። ቁልፉን እዚያ ማስቀመጣቸው መጀመሪያ ገረመኝ፣ ኋላ ግን ብልሃቱ ገባኝ። እሳትና ዲን እየተባለ የሚፈራ ነገር አጠገብ ማን ደፍሮ ይሰርቃል? የተማረ ሰው ዘዴ አያልቅበትም አልኩ።

«ተከተሉኝ!»

ጽሑፉ እንዲታይ ጀርባዬን ነፋ አድርጌ መራኋቸው። ምድር ቤት ወርደን የተቆለፈው የኬሚስትሪ ዕቃ ቤት በር ፊት አሰለፍኳቸው።

«ዲን ያለው እዚህ ነው። እስኪከፈት ጠብቁ። ብቻ እንዳትጠጉት!»

«ቁጡ ነው እንዴ?» አለ አንድ ረጅም ልጅ።

«ያቃጥላል ስልህ! ሽታውስ ብትል!»

ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሌላ ጠያቂ ፍለጋ አዳራሹ ደጃፍ ተመልሼ ስቆም፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ የቆርቆሮ ሣጥን ታቅፈው መጡ። በተራመዱ ቁጥር ሣጥኑ ይንቃጨላል።

«ልጄ፣ ጠይቁኝ ስላልሽ ልጠይቅሽ። ተማሪዎቹ የት ገቡ? ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አንድ ሰው አልመጣልኝም።»

«ዲን ጋ ናቸው አባባ።»

«ዲኑ እኮ እኔ ነኝ።»

ሳቅኩ። ቀጥሎ ሣጥኑን አየሁ። ቀጥሎ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ሳቄ ወደ መጣበት ተመለሰ።

«አባባ፣ መሮጥ ይችላሉ?»

ሣጥኑን ተቀብያቸው ሮጥን። እየሮጥኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ተደገፉ፤ በሳቅ ይሁን በሩጫ ትንፋሽ ያጠራቸው እንጃ።

ሰልፉ እንዳለ ነው፣ እህቴ ግን የለችም።

«ዲኑ እንደዚያ ከሆነስ ቤቴ ይሻለኛል ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች» አለኝ ረጅሙ ልጅ።

ሣጥኑን ለዲኑ መልሼ ተፈተለክኩ፤ እግሬ መሬት መንካቱን አላስታውስም። የግቢው በር ላይ ደረስኩባት። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ይጭናል፣ እሷም አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳርፋለች።

«ነይ ውረጂ! ዲኑ አይሸትም!» ብዬ ጮህኩ።

አውቶቡሱ በሙሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ። እህቴ በእፍረት ወረደች። ብቻ ወረደች፣ ዋናው እሱ ነው። ሻንጣዋን ነጥቄ ተሸከምኩ፤ እሷ መንገዱን ሁሉ ስትሰድበኝ፣ እኔ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሣጥኑ ባዶ ነው። ዲኑ አንዲት ቁልፍ መዳፋቸው ላይ ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ፕሬዚዳንቱ «ሰዓቱ እኮ...» ሲላቸው፣ «አዲሶቹን ያሳሳትናቸው እኛ ነን፣ ሰዓቱ ይጠብቅ» አሉትና ቁልፉን እህቴ እጅ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣

«ለመሆኑ እሸታለሁ እንዴ?» አሉኝ።

ቲሸርቱን እዚያው አስወለቁኝ። አክስቴ የገሰጸችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ያፍራል።

በሳምንቱ ዲኑ የሚቀጥለውን ዓመት አቀባበል ለማሻሻል በተጠራው ስብሰባ ላይ እንድገኝ አስጠሩኝ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ንግግሩን ያነባል፣ እኔ ያልገባኝ ቃል ሲመጣ ባልዲዬን እመታለሁ። የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ሳይጨርስ አራቴ መታሁት።

«ሰው በማወቁ ይቀጠራል፣ አንቺ ባለማወቅሽ!» አለች አክስቴ።

አዲሱ ንግግር አሁን «ዲን ሰው ነው» ብሎ ይጀምራል። ከሥሩ «አይሸትም» ብዬ ጨምሬ ነበር፣ ሰረዙት።