የሚስቀው ፊት

ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ 1976 ነበር። ሸዋ ሮቢት እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር፣ የወረዳችን ካድሬ ጓድ ሀይሉ አስጠርቶኝ፣ "ስንታየሁ፣ ለፈረንጁ ሐኪም ታስተረጉማለህ" አለኝ። እምቢ ማለት የሚያመጣውን ስለማውቅ እሺ አልኩ።

ከከተማው ዳር በተተከሉት ድንኳኖች ከቀወትና ከማጀቴ ገጠር ረሃብ ያፈለሳቸው ቤተሰቦች ሰፍረዋል። ሐኪሙ አንድ ነው፤ ሕፃናቱ ሜዳውን ሞልተውታል። ሁሉንም መርምሮ መጨረስ ስለማይችል፣ በሽተኛውን የሚለይበት መጠይቅ ይዞ መጥቷል። "ያምሃል? ምን ያህል?" ይላል። ከሥሩ አምስት ፊቶች ተስለዋል፤ የመጀመሪያው ይስቃል፣ የመጨረሻው ያለቅሳል። የሚያለቅሰውን የጠቆመ ልጅ ይመረመራል፤ የባሰበትም አዲስ አበባ ሆስፒታል በምትሄደው ላንድሮቨር ይጫናል። የሚስቀውን የጠቆመ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል።

ፋዲላን፣ ረሃቡ ሳይመጣ ከገጠር እየተመላለሰች ስትማር፣ ሦስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ክፍል ውስጥ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። የዚያን ቀን ሆዷን በክንዷ ደግፋ፣ ጎብጣ መጣች።

"ፋዲላ፣ ያምሻል?"

"አልሀምዱሊላህ፣ ጋሼ።"

ጣቷ የሚስቀው ፊት ላይ አረፈ። ግንባሯ ላብ በላብ ነው። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ደህና ናት" ብሎ ጻፈ።

ከእሷ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። እኔን አልገረመኝም፤ አናደደኝ እንጂ። የይፋት ሙስሊም ልጅ "እንዴት ነህ?" ሲሉት የሚመልሰው ምስጋና ነው። ሕመሙን ለእንግዳ መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩትና "ጥያቄው መለወጥ አለበት" አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። "በምን እንለውጠው?" አለኝ።

መልሱ ወዲያው ስለመጣልኝ ደስ አለኝ። የቆላ ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ፣ በወንጭፍ ወፍ እያባረረ ማሽላ ይጠብቃል። "ዘንድሮ ማማ ላይ ወጥተሻል? ወንጭፍ ስትወረውሪ የቱ ጋ ይይዝሻል?" ብዬ ጻፍኩና ፋዲላን መልሼ ጠራኋት።

"ዘንድሮ ማማ አልወጣሁም" አለች።

"አሞሽ ነው?"

"ኧረ ማሽላው የታለና ጋሼ!"

ማሽላ በሌለበት ዓመት የማሽላ ጥያቄ! ለካ ጓድ ሀይሉ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

"'ማሽላ የለም' የሚል መልስ የሚያመጣ ጥያቄ ማን ጻፍ አለህ? የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደጃችን ደርሶ፣ አገሩን ፈረንጅ ፊት ልታዋርድ ነው?" ወረቀቱን ቀደደው። "የጸደቀውን ብቻ አንብብ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።"

ልጆች እየሞቱ ነው ብዬ ጮህኩበት። እሱም እስር ቤቱ ቅርብ መሆኑን አስታወሰኝ። እኛ ስንጨቃጨቅ ላንድሮቨሯ ሞልታ ሄደች።

ያኔ ካድሬውንም መጠይቁንም ትቼ፣ የሐኪሙን እጅ ያዝኩና የፋዲላ ሆድ ላይ አሳረፍኩት። አልጮኸችም። ከንፈሯን ነክሳ የድንኳኑን ጣራ አየች። የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ።

"ይቺ ልጅ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች አትተርፍም፤ መኪናውን አስቁሙ!" አለ።

የምን ማስቆም! ሮጬ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣሁና ያለፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ለመንኩ። አንዱም አልቆመልኝ። ፋዲላ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች።

ከቀብር መልስ እናቷን እትዬ ሙሀባን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀድመው እሳቸው ተናገሩ።

"ጋሼ፣ ልጄ ለዚያ ሐኪም ምን ብትለው ነበር የሚወስዳት?"

መዋሸት ፈለግሁ፤ አቃተኝ።

"'አመመኝ' ብትል።"

"ይችን ብቻ?"

"ይችን ብቻ፣ እትዬ።"

ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉት።

"ከትንሽነቷ ጀምሮ፣ 'አመመኝ አትበይ፣ ነውር ነው' እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ" አሉ።