የቁጥር ሠላሳ አንድ እንባ

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ስልክ ተደውሎለት እንደ ሮጠ መጥቶ፣ የዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በበሩ መስታወት አየችውና ቶሎ ዞር አለች። ስትዞር ግራ ትከሻዋን መቃኑ ገጫት። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች፤ ጥበቃው እንኳን «በሩ ምን በደለሽ?» እያለ ይቀልድባታል።

ሰውየው ጤነኛ ነው። ግላኮማ፣ የጎን እይታን ቀስ በቀስ የሚሰርቀው የዓይን በሽታ፣ የያዛት ሚስቱን ነው። የዓይን ሐኪሟ ለምታካሂደው ጥናት የታማሚዎችን እንባና ደም ከጤነኛ ጋር ስለሚያነጻጽሩ፣ «አንተም ስጠን» ሲሉት ሳያንገራግር ሰጠ። እንባው የነካትን ቀጭን ወረቀት ግን ባለሙያዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳትከታት ወደ ቤቷ ሄደች፤ በማግስቱ ተበላሽታ አገኘቻት። ረሳሁ ብሎ መናገር ሞት መሰላት። በሩን ዘግታ ሌላ ወረቀት ከራሷ ዓይን ቆብ ሥር ሻጥ አደረገችና የሰውየውን ቁጥር፣ «ሠላሳ አንድ» ብላ ጻፈችበት። ጤነኛ ያው ጤነኛ ነው፣ አለች በሆዷ።

ዛሬ ሐኪሟ ውጤቱን ደጋግማ አየችው።

«ደሙ ምንም አይልም፤ እንባው ግን ቁርጥ የታማሚዎቹን ይመስላል። የዓይኑ ግፊትም ድንበር ላይ ነው። ጠብታ እናስጀምረው፤ ጥሪው።»

ልብስ ሰፊው ገብቶ፣ የምርመራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ሜትሩን በጣቱ መጠቅለል ጀመረ።

«ዕድሜ ልኬን ነው የምጨምረው?» አለ። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረ፤ ደም ስትቀዳው ስላላሳመመችው ይወዳታል። «የኔ ልጅ፣ እኔ ባላይ ሚስቴን ማን እጇን ይይዛታል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሰውየው ያልያዘውን በሽታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሷም ሥራዋ ላይ ትቆያለች።

«እንባው የኔ ነው» አለች።

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ባለሙያዋ ወለሉን እያየች ሁሉንም ተናገረች፤ ወረቀቷን፣ መርሳቷን፣ በሩን መዝጋቷን። ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ሐኪሟ መዝገቡን ዘጋችው።

«ስለ ሥራሽ በኋላ እንነጋገራለን» አለች በቀስታ። «ግራ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

ባለሙያዋ ግራ ትከሻዋን ዳበሰች። በሩን አሰበች።

«ነይ፣ ተቀመጪ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ልብስ ሰፊው ነበር። ብድግ አለ። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን በግራዋ በኩል ዞሮ፣ ሚስቱን እንደለመደው፣ ክንዷን ያዘና ወደ ወንበሩ ወሰዳት።